የወንድሜ ገመድና የጉበቴ ልክ

ከቡሬ የወጣሁበት ምሽት የወንድሜ ሚስት ጥሩወርቅ እንደ ሙክት ስትቀልበኝ ነበር። አላጋነንኩም። ፊቴ ጥብሱ በቅቤ ይዋኛል፣ ከጎኑ ማር፣ ከማሩ ጎን ርጎ። አውቶቡሱ የሚነሣው ገና ጎህ ሲቀድ ነው፤ እርሷ ግን እስከዚያው አፌ እንዳይከደን የማለች ይመስል እጅጌዋን ሰብስባ ፊቴ ተደቅናለች።

"እቴቴ፣ ይችን ብቻ። አፈር ስሆን!"

"ኧረ ጠግቤያለሁ፣ ጥሩወርቅ።"

"ለእኔ መች አልኩዎት? ለወንድምዎ ብለው ይዋጧት እንጂ።"

ለወንድሜ ብዬ ዋጥኳት። ሊሰናበቱ ከመጡት ጎረቤቶች አንዲት አሮጊት ደግሞ ጠጋ ብለው ቀኝ ጎኔን ዳበስ አደረጉና "እሰይ፣ ሞልቷል!" አሉ። ገበያ ወርደው በግ ሲገዙም ልክ እንደዚያው ነው የሚዳብሱት። ሙክት ለምን እንደሚቀለብ የማያውቀው ራሱ ሙክቱ ብቻ ነው፤ እኔ ግን አውቄ በላሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ቡሬ ያላችሁ ግማሹን ታውቁታላችሁ፤ የምታውቁት ግማሽ ግን ወንድሜ ያወራላችሁን ነው።

አያ አንሙት ታላቄ ነው። ከአርሶ አደርነት ተነሥቶ ቡሬ ላይ ወፍጮ የተከለ፣ በቆሎ የሚጭን አይሱዙ የገዛ፣ በሰርግ በለቅሶ ከፊት የሚቀመጥ ሰው ነው። አንድ ዓመት ዓይኑ ቢጫ ሆነ። የወፍ በሽታ ነው ተባለና ሥር ጠጣ፣ ጸበል ገባ። ኋላ ሆዱ ውሃ ቋጥሮ እግሩ አበጠ። ፍኖተ ሰላም ያለ ሐኪም ወደ ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ላኩት። የመጨረሻው ቃል አንድ ሆነ፦ ጉበቱ አልቋል፤ ከሕያው ሰው ጉበት ተቆርጦ ካልተተካለት ዓመት አይደፍንም፤ ይህም የሚሠራው ህንድ አገር ነው። የጥሩወርቅ ደም አልገጠመም። የልጆቹም ከትልቁ በቀር አልገጠመም፤ ትልቁ ልጅ ደግሞ ያው የአባቱ በሽታ በደሙ ተገኘ። የቀረሁት እኔ ነኝ። አንጀቴን ሲያቃጥለው የኖረ ወንድሜ አሁን ጉበቴን ፈለገ።

ስለ አንጀቴ ልናገር። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ መሬት ሲሸነሸን እኔ ከባሌ ተፋትቼ አባቴ ቤት ነበርኩ። ፈት ሴትም ድርሻ አላት ተባለ፤ ደስ አለኝ። በልኬቱ ቀን ልወጣ ነጠላዬን ሳነሣ አያ አንሙት "አንች ቤት ሁኝ። ገመድ ጉተታ የሴት ቦታ አይደለም። እኔ አለሁልሽ" አለኝ። እውነትም ነበረልኝ፤ የገመዱን አንድ ጫፍ የያዘው እሱ ነበር። ማታ ድርሻዬን ሳየው ከፈጣም ወንዝ በላይ ያለው ቦረቦር ነው። ገደሉም፣ ቋጥኙም፣ ክረምት ጎርፍ የሚወርድበት ቦይም ሁሉ እንደ እርሻ ተቆጥሮ "አንድ ጥማድ" ተብሎልኛል። ዋርካው ሥር ያለው ለሙ የአባታችን ማሳ የእሱ ሆነ። "ገመድ እኮ አይዋሽም" አለኝ። ገመድ አይዋሽም፤ የሚዋሸው ያዡ ነው። ከዚያ ወዲያ ቡሬ ከተማ ገብቼ ጠላ እየሸጥኩ ኖርኩ፤ ቤቱን አልረገጥኩትም።

እና ያ ሁሉ ዓመት ካለፈ በኋላ ጥሩወርቅ ጠላ ቤቴ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። ለምን እሺ እንዳልኩ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አንዳንዱ የጽድቅ ነገር ያደርገዋል። አይደለም። አንድ እናት ነው የወለደችን፤ ከዚህ በላይ ያለውን ለማንም አልነገርኩም፣ እዚህም አልጽፈውም።

አሁን ወደ ቅቤው ልመለስ። ሐኪሙ ለጥሩወርቅ "እዚያ የጉበታቸው መጠን በመሣሪያ ይለካል፤ ካነሰ አይሆንም" ብሏታል። እርሷም "ካነሰ" የምትለዋን ቃል እንደ አደራ ይዛ ቡሬ ገባች። ፋሲካ ሆኖ በዓለ ሃምሳም ገብቷል፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ጊዜ ነው። ፓስፖርትና ቪዛ እስኪመጣ ከፈረስ ቤት ድረስ የደጋ ቅቤ ተላከ፣ በግ በላይ በላዩ ታረደ። እኔም መደቡ ላይ፣ በክብር ቦታ፣ ትራስ ተደግፌ በላሁ። መሬቴን በበሉበት ቤት መብላት ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ።

እኔና አያ አንሙት ዴልሂ የደረስነው ሙቀቱ ሰው በሚያነድድበት ወር ነው። ከአውሮፕላኑ በር ስወጣ የሆነ ማሽን እሳት የሚተፋብኝ መስሎኝ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። አየሩ ነው! ሰኔ ሲገባ ቡሬ ላይ ጋቢ ደርበን የምንቀመጠውን እያሰብኩ ላቤን ጠረግኩ። አያ አንሙትን በተሽከርካሪ ወንበር ወሰዱት። ሆዱ ከፊቱ ቀድሞ ይሄዳል፣ ፊቱ የከሰል ቀለም ይዟል፤ ግን አሁንም "ሻንጣውን ቀስ! እንዲያ አይያዝም!" እያለ ህንዶቹን በአማርኛ ያዛል።

አስተርጓሚያችን አቶ ሰሎሞን የሚባል፣ ሊማር መጥቶ ፀጉሩ እስኪሸብት እዚያው የቀረ የአዲስ አበባ ሰው ነበር። ቤት ያከራየችን ሱሺላ ጂ የምትባል መበለት ናት። ሳንቀመጥ ሕጓን ነገረችን፦ ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ዓሣ የለም። በርበሬዬን አሽትታ ሦስቴ አስነጠሰችና በረንዳ ላይ አስቀመጠችው።

"ዲዲ፣ ይህ ምንድነው?" አለችኝ። ዲዲ ማለት እንደ እኛ እታለም ነው።

"የምንበላው ነው።"

"አልገባኝም። ጠላት ነው ወይስ ምግብ?"

የልኬቱ ቀን መጣ። ሲቲ ስካን የሚባለው መሐሉ ክብ ቀዳዳ ያለው ትልቅ የወፍጮ ድንጋይ ይመስላል፤ አልጋው በቀዳዳው ውስጥ ይገባል ይወጣል። ወንድሜን ወፍጮ አበላው፣ እኔን ሊፈጨኝ ነው ብዬ ሳቅሁ። በክንዴ መድኃኒት ሲለቁብኝ ከጉሮሮዬ እስከ ጭኔ ሙቀት ወረደ፤ ሽንቴ ያመለጠኝ መስሎኝ ማርያምን ጠራሁ። ከዚያ ማሽኑ ራሱ "ሳንስ ሮኮ" አለ። አቶ ሰሎሞን አስቀድሞ ነግሮኛል፤ ትንፋሽሽን ያዥ ማለት ነው። ያዝኩ። ልቀቂ ሲለኝ የህንድኛው ቃል ጠፋኝና ይዤ ቆየሁ። ነርሷ ሮጣ መጥታ ትከሻዬን ባትነቀንቀኝ ኖሮ እዚያው ቀርቼ ነበር።

ስጨርስ ልኬቱን የምትሠራውን ሐኪም፣ ዶክተር ኒሻን፣ "ሲለካ አያለሁ" አልኳት።

"በሽተኞች አያዩም፤ ውጤቱን እንነግርዎታለን" አለች በአቶ ሰሎሞን በኩል።

"በሽተኛ አይደለሁም፤ ሰጪ ነኝ።"

"ለምን ማየት ፈለጉ?"

"አንዴ በሌለሁበት ተለክቶብኛል።"

አቶ ሰሎሞን ምን ብሎ እንደተረጎመው አላውቅም፤ ሐኪሟ ግን ወንበር ሳበችልኝ።

ሆዴ በቴሌቪዥኑ ላይ እንደ ድንች በስሱ ተከትፎ ተቀመጠ። በእያንዳንዷ ቁራጭ ላይ ጉበቴ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ሐኪሟ ልጅ በእጇ ባለች ትንሽ ነገር ዳር ዳሩን ትዞረዋለች፤ በጠመመበት ትጠምማለች፣ በገባበት ትገባለች። አንዷን ትጨርስና ቀጣዩዋን። ሐሞቱን ዞራ አለፈችው። ወፍራም ወፍራሙንም የደም ሥር እየለየች አወጣችው።

"እሱን ለምን ተዉት?"

"ጉበት አይደለማ! ደም የሚሄድበት ቦይ ነው። ከልኩ አይቆጠርም።"

ቦይ አይቆጠርም! ሰባት ባሕር ተሻግሬ ቦይ ከእርሻ የማይቆጥር ለኪ አገኘሁ። ኋላ ማሽኑ ቁራጮቹን ደማምሮ በሊትር ይናገራል፤ እኔ በኪሎ መስሎኝ ነበር፣ እነሱ ግን እንደ ጠላ ነው የሚለኩት።

ውጤቱን የነገረን ዋናው ቀዳጅ ሐኪም ነው፤ ጥምጥም ያሠረ፣ ጢሙ የእኛን መምሬዎች የሚያስንቅ ሰው። "ጉበትዎ ትልቅ ነው" አለ።

አያ አንሙት ከአልጋው ቀና አለ። "ተመስገን!"

"ግን ስብ ነው። የሰባ ጉበት ከሰው ወደ ሰው ሲዛወር አይያዝም፤ ለሰጪዋም አደጋ አለው። እንዲህ ሆኖ አልቀድድም። ለመሆኑ ምን ሲበሉ ነበር?"

አቶ ሰሎሞን ወደ እኔ ዞረ። "ምን ሲበሉ ነበር ይላል።"

"እሱን ጠይቀው፣" አልኩ ወንድሜን እያሳየሁ፣ "እኔ አፌን ነው የከፈትኩ።"

አያ አንሙት ግድግዳውን እያየ "ቅቤ" አለ። "ትንሽ ቅቤ።"

"ምን ያህል?"

"የፈረስ ቤት ገበያ የሚችለውን ያህል" አልኩ። አቶ ሰሎሞን ሳቁን በሳል ሸፈነው፤ ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ቅቤ የለም፣ ሥጋ የለም፣ ስኳር የለም፣ ጠዋት ማታ በእግር መሄድ ነው አለ። ስቡ ሲወርድ እንደገና ይለካል። ወንድሜ እስከዚያ ከቆየ፤ ካልቆየ ግን ማንም ምንም አያደርግለትም። ይህን ሲል አያ አንሙት ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ። ያን ጊዜ ነው ፈርቶ ያየሁት፤ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

እንግዲህ የእግዜርን ሥራ እዩት፤ የሐዋርያት ጾም የገባው በዚያው ሳምንት ነው። ሐኪሙ ያዘዘኝን ቤተ ክርስቲያን አስቀድማ አዝዛኛለች። ዳል የሚሉትን ምስራቸውን፣ ሮቲ የሚሉትን ቂጣቸውን በልቼ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ በፓርኩ ዙሪያ እሄዳለሁ። አሮጊት ህንዶች በክብ ቆመው በግድ ሲስቁ ታያላችሁ፤ ለጤና ነው አሉኝ። እኛ ዘንድ እንዲያ ያለ ሰው ጸበል ይወሰዳል። የፈተነችኝ ሱሺላ ጂ ናት። ሥጋን እንደ ሰይጣን የምትሸሽ ሴት፣ ጊ የሚሉት ንጥር ቅቤ ላይ ስትደርስ ሌላ ሰው ትሆናለች። ከቂጣዬ ላይ ልታፈስብኝ ማንኪያውን ይዛ ትመጣለች።

"ናሂ፣ ናሂ! ሐኪሙ ከልክሏል" እላታለሁ።

"ሐኪም ምን ያውቃል? ጊ መድኃኒት ነው። ለወንድምሽ ብለሽ ብይ!"

ለካ ጥሩወርቅ ዴልሂም አለች።

ቀሚሴ ሰፋኝ፤ አያ አንሙት ግን በየቀኑ ይደክማል። ሆዱ ይቀዳል፣ መልሶ ይሞላል። አንዳንዴ ሐሳቡ ይሰወርና በስልክ ልጆቹን ትሁኔ እያለ በእኔ ስም ይጠራል። አንድ ቀን እግሩን ሳሽለት "አንች ትሁኔ፣ ጾሙን በደንብ ጹሚ" አለኝ። ድሮ አባታችን ሲሞት እንኳ እንዲህ ለስልሶ አላየሁትም። ደስ ይበለኝ ወይ ይክፋኝ አላወቅሁም፤ ብቻ ማታ ሮቲውን ግማሹን ተውኩት።

ሁለተኛው ልኬት ላይም ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ስቡ ወርዷል። ግን ስቡ ሲወርድ ጉበቱም አንሷል! ዶክተር ኒሻ መሐሉ ላይ የሚያልፈውን አንድ የደም ሥር ይዛ ቀኝና ግራ ከፈለችው። ትልቁ ቀኙ ለወንድሜ ነው፤ ግራው ለእኔ ይቀራል። ሕጉን ቀዳጁ ሐኪም ነገረን፦ ለሰጪ ቢያንስ ሲሶው መቅረት አለበት፤ ለተቀባዩም እንደ ክብደቱ የሚበቃው አለ፣ የሆዱ ውሃ ሳይቆጠር። ሁለቱም ካልሞሉ ወደ አገራችን እንመለሳለን።

ልጅቱ ደምራ ደምራ ጨረሰች። ፊቷን እያየሁ ትንፋሼን ይዣለሁ፤ ማንም ሳንስ ሮኮ ሳይለኝ።

"ለወንድምዎ ይበቃል፤ ለጥቂት ነው። ለእርስዎም ከሲሶው ትንሽ አልፎ ይቀራል" አለች።

ዜናውን ለአያ አንሙት ሐኪሙ ሥዕሉን ይዞ መጥቶ ነገረው። ወንድሜ ሥዕሉን ብዙ አየው። መሐሉ ላይ የተሰመረችውን መስመር በጣቱ ነካት።

"ይህች ናት ወሰኗ?"

"አዎ።"

ትንሽ አሰበና ለአቶ ሰሎሞን ሹክ አለው፤ እኔ እንዳልሰማ መሆኑ ነው። "ለጥቂት ነው ካለ፣ ወሰኗ ትንሽ ወደ እሷ ብትገፋስ? አንድ ጣት ያህል?"

አቶ ሰሎሞን ሳይወድ ተረጎመ። ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። "ወሰኑ አይገፋም። አንድ ጣት ከገፋሁት እህትዎ ትሞታለች።"

ከዚያ እኔ መሳቅ ጀመርኩ። ወንበሩን ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ሞት ደጁ ላይ ቆሞ እንኳ ወሰን ሊገፋ! አያ አንሙት በመጀመሪያ ተቆጣ፤ ቀጥሎ አፈረ፤ ኋላ ያ የጠቆረ ፊቱ ተጨማዶ እሱም ሳቀ። ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲዞር ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ አይታይም፤ ቢያንስ ይህን ላክብርለት።

የቀረው ፈቃድ ነበር። ጉበቴን ሸጬ እንዳልሆነ የሚያጣሩ ሰዎች ፊት ቀረብኩ። ሦስት ናቸው፤ መሐል ያለው እንቅልፍ የጠማው ይመስላል።

"ያስገደደዎት አለ?"

"ቅቤ" አልኩ።

"ይህን አልተረጉምም" አለ አቶ ሰሎሞን በአማርኛ።

"እንግዲያው የለም በለው።"

"ወንድምዎን ይወዱታል?"

"እኛ አገር እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።"

"መልስ ያስፈልገናል።"

"ጉበቴን ለክታችኋል፤ ልብ የሚለካ መሣሪያ ካላችሁ አምጡና እተኛለሁ።"

አቶ ሰሎሞን ረጅም ነገር ተናገረ፤ እንቅልፋሙ ሰውዬ ዓይኑን ጠራረገና "አቻ፣ አቻ" ብሎ በነሱ አፍ እሺ አለ። በኋላ ምን እንዳላቸው ስጠይቀው "ከነፍሴ በላይ እወደዋለሁ ብለዋል አልኳቸው" አለኝ። ስሜን አጠፋህ አልኩት።

ተቀደድን። እሱ ዳነ። ዓይኑ ሲጠራ፣ ሆዱ ሲጎድል አየሁ። ወሩ ሲሞላም ነርሶቹን ማዘዝ ጀመረ፤ መዳኑን ያወቅሁት በዚህ ነው። እኔ ነኝ የቆየሁት፤ ሐሞት ወደ ውስጥ ፈሰሰብኝና ትቦ ገብቶልኝ ሱሺላ ጂ ቤት ተኛሁ። አያ አንሙት ሊሄድ ሲሰናበተኝ "እዚያ እጠብቅሻለሁ" አለኝ። የት? አላለም። እኔም ቦረቦሩ ላይ ነው ወይ አላልኩትም።

ትቦው ከወጣ በኋላ ዶክተር ኒሻ ሦስተኛ ጊዜ ለካችኝ። ያ ሲሶ ጉበት አድጎ ወደ ሙሉው ሊደርስ ምንም አልቀረው። የተቆረጠ መልሶ የሚሞላ ነገር በሰውነታችን ይህ ብቻ ነው አለችኝ። ብዙ አሰብኩበት። አንዳንዱ ሲወሰድ ይሞላል፤ አንዳንዱ ቦረቦር ሆኖ ይቀራል።

እዚሁ ቀረሁ። ሱሺላ ጂ ላይኛውን ፎቅ ለአገሬ በሽተኞች ታከራያለች፤ እኔ ሽሮ እሠራላቸዋለሁ፣ ሳንስ ሮኮ ምን እንደሆነ አስረዳቸዋለሁ። ለሰጪ ዘመዶች የምለው አንድ ነው፦ ከአገር ስትነሡ ቅቤ አትብሉ፤ ሲለካም አጠገቡ ሁኑ። ቪዛ የሚያድስልኝ ሹም በየጊዜው "መቼ ነው የምትመለሺው?" ይለኛል። "ወንድሜን ጠይቀው" እለዋለሁ። ዝናቡ ሲመጣ በረንዳ እወጣለሁ። ብዙ ነው ዝናባቸው፤ ግን ትኩስ ነው፣ የታረሰ ጥቁር አፈር አይሸትም።

ሞባይል ገጠሩም ገብቷልና አያ አንሙት በየበዓሉ ይደውላል። የበዓል ወሬ ነው፤ ልጆች ደኅና፣ ከብቱ ደኅና። ባለፈው ግን በዓል ሳይሆን ደወለ።

"አንች ትሁኔ፣ ይሰማሻል?"

"ይሰማኛል። ምን ሆንህ? መድኃኒትህን ዋጥክ?"

"ውጫለሁ። ጎንሽስ?"

"ሞልቷል።"

"የእኔም። ዋርካው ሥር ያለችውን ዘንድሮ ግማሿን አላረስኳትም።"

"በሬ ሞተብህ?"

"አልሞተም። ያንች ናት።"

በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። "ቦረቦር አለባት?"

"የለባትም።"

"ድንጋይስ?"

"ለቅሜዋለሁ።"

"ስንት ትሆናለች?"

"አልለካኋትም። መጥተሽ እያየሽ ትለካ።"

"ገመዱን ማን ሊይዝ?"

"አንዱን ጫፍ አንች፣ አንዱን እኔ።"

"አንተ ከያዝህማ አልመጣም!"

ሳቀ። ያን የሆስፒታሉን ሳቅ ሳቀ። ከበስተኋላው በረዶ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ፤ የቡሬ በረዶ ነው፣ የትም ብሰማው አውቀዋለሁ። ድምፁ ይመጣል ይሄዳል። "ትመጫለሽ ወይ?" ያለኝ መሰለኝ። ሁለት አዲስ ሰዎች ከአየር ማረፊያ ሊገቡ ነው፤ ምስሩ እሳት ላይ ነው፤ ሱሺላ ጂ ከታች ዲዲ ዲዲ ትላለች። ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ።

"አረም እንዳታስበላት" አልኩት።

ስልኩ ግን ቀድሞ ተቋርጦ ነበር፤ ይስማ አይስማ አላውቅም።